የሞተር ማቀዝቀዣና የቺንጋ እንክብካቤ፦ በደጋና በሸለቆ መንገድ ለሚያሽከረክሩ ባለንብረቶች

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርስ ተሽከርካሪ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ደጋ ያቋርጣል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን የሚቀጥል ደግሞ ወደ አባይ ሸለቆ ወርዶ፣ ቆላውን አልፎ፣ በማዶ ያለውን የጎጃም ዳገት መውጣት ይጠበቅበታል። የአጅባርና የአካባቢው ነዋሪዎችም ጉዞ በአብዛኛው ከዳገትና ከቁልቁለት አይለይም። ጋራዥና የመለዋወጫ ሱቅ ተራርቀው በሚገኙበት በዚህ መንገድ ላይ ሞተር ቢግል ወይም ቺንጋ ቢበጠስ፣ ጉዳቱ የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን ለሕክምና ወይም ለገበያ የተሳፈረው መንገደኛም ጭምር ነው።

ይህ መረጃ በነዳጅ የሚሠሩ የግል፣ የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ያለ ልዩ መሣሪያ በራሳቸው ሊያከናውኑት የሚችሉትን ምርመራና እንክብካቤ ያብራራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመወሰኑ፣ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ዕድሜ ማራዘም ከቀድሞው የበለጠ ጠቀሜታ አለው።

ከፍታ ለምን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል?

ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ በግምት በ1 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መካነ ሰላም የተጣደ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናማ ሁኔታው እንኳ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይሠራል።

ፈሳሹ በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጥ ያለውን ግፊት በማመቅ ፈሳሹ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ጤናማ ክዳን በመካነ ሰላም ከፍታ ይህን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ በዝቅተኛ ቦታ ያለ ችግር ይሄድ የነበረ መኪናም ደጋ ላይ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ስለሆነም በደጋ አካባቢ በቅድሚያ መመርመር ያለበት በዋጋው አነስተኛ የሆነው ይኸው ክዳን ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት

• ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ጎማውን በታኮ ይደግፉ። በታኮነት የተጠቀሙበትን ድንጋይ ሲጨርሱ ከመንገድ ላይ ያንሱ።
• ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይንቀሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንቲላተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በራሱ ሊነሣ ስለሚችል እጅዎን አያስገቡ።
• ጋቢ፣ ነጠላና ሻርፕ አውልቀው ያስቀምጡ። በሚሽከረከር ቺንጋ የተያዘ ልብስ ሰውን ጭምር ይጎትታል።
• ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ፈሳሹ በእንፋሎት መልክ ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጫል።

ሳምንታዊ ምርመራ

1. የፈሳሽ መጠን፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከራዲያተሩ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ፈሳሹ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መስመር መካከል መሆኑን ይመልከቱ። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ መጨመር ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚፈስበት ቦታ መፈለግ አለበት።

2. ክዳን፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ጎማው አለመድረቁንና አለመሰንጠቁን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ የሚጨማደድ ከሆነ የክዳኑ መመለሻ ቫልቭ ተደፍኗል ማለት ነው። አዲስ ሲገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ይዘው ይሂዱ።

3. የጎማ ቱቦዎች፦ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ በእጅዎ ይጫኑ። የደረቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ቱቦ ይቀየር። በማሰሪያዎቹ ዙሪያ የደረቀ ነጭ ወይም ዝገት መሰል ምልክት ካለ ፈሳሽ እያመለጠ ነው።

4. የራዲያተሩ ፊት፦ በጠጠር መንገድ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ በመኸር ወቅት ደግሞ ገለባና ጭድ የአየር መተላለፊያውን ይደፍናሉ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት። ኃይለኛ ግፊት ያለው ውሃ ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ውሃ ወይስ ኩላንት?

የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ውርጭ በሚወርድባቸው የደጋ ሌሊቶች ደግሞ ንጹህ ውሃ በረዶ ሆኖ ራዲያተሩንና የሞተሩን ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ ኩላንትና ግማሽ የተጣራ ውሃ ድብልቅ ከ30 ዲግሪ በላይ ከዜሮ በታች እስኪወርድ ድረስ አይረጋም፤ ዝገትንም ይከላከላል። ከመግዛትዎ በፊት ያልተቀላቀለ ወይም ተዘጋጅቶ የቀረበ መሆኑን ከጽሑፉ ያንብቡ፤ የተለያየ ዓይነት ኩላንት አይደባልቁ።

ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። አሮጌውን በተከደነ ዕቃ ያጠራቅሙ እንጂ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ግጦሽ መሬት አያፍስሱ።

የቺንጋ ምርመራ

በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ቺንጋው የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን፣ በአንዳንዶቹም ቬንቲላተሩንና የመሪ ፓምፑን ያሽከረክራል። በጉዞ ላይ የባትሪ መብራት ከበራና የሙቀት ጌጁ አብሮ ከወጣ ቺንጋው መበጠሱን ይጠርጥሩ።

በየወሩ ቺንጋውን ገልበጥ አድርገው የውስጥ ገጹን ይመልከቱ። ስንጥቅ፣ የተላጠ ጠርዝ፣ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ገጽ ወይም የዘይት እርጥበት ካለበት መቀየር አለበት። የሚጮህ ቺንጋ ላይ ዘይት፣ ግሪስ ወይም ሳሙና መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢያጠፋም ቺንጋውን ያንሸራትታል፤ ጎማውንም ይጎዳል።

በእጅ በሚስተካከል ቺንጋ ላይ፣ በሁለት ፑሊዎች መካከል ያለውን ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ሲጫኑት በግምት 10 ሚሊ ሜትር መግባት ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ከገባ የዲናሞውን ማሰሪያ ብሎን አላልተው፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፍተው መልሰው ያጥብቁ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ቺንጋ ከተገጠመ በኋላ ስለሚለጠጥ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ ውጥረቱ እንደገና ይታይ። ራሱን በራሱ የሚወጥር መሣሪያ ያለው ተሽከርካሪ ግን በእጅ አይስተካከልም።

ረጅም ጉዞ ከመውጣትዎ በፊት ቁጥሩ ከነባሩ ጋር አንድ የሆነ ትርፍ ቺንጋ፣ ለመቀየር የሚያስፈልጉ ቁልፎችና ቢያንስ 5 ሊትር ንጹህ ውሃ ይያዙ። ቺንጋውን ከመፍታትዎ በፊት አዟዟሩን በወረቀት ላይ ይሣሉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

በጉዞ ላይ ሞተሩ ቢግል

ዳገት ሲወጡ ሞተሩ እየታገለ በከባድ ማርሽ ከመግፋት ወደ ቀላል ማርሽ ይቀይሩ፤ ፓምፑና ቬንቲላተሩ ፈጥነው ይሽከረከራሉ። ጌጁ መውጣት ከጀመረ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማሞቂያውን ይክፈቱ፤ አስተማማኝ ቦታ ሲያገኙም ይቁሙ። እንፋሎት ከታየ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ዳር ያርቁ፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያስቀምጡ።

ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይጠብቁ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ቀስ በቀስ ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። የተቃጠለ ሰው ካለ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያብርዱት፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳይቀቡ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት።

ለባለሙያ የሚተዉ ሥራዎች

የታይሚንግ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕና የቴስታታ ጥገና በባለሙያ ብቻ መከናወን አለበት። በሞተር ዘይት ውስጥ ወተት መሰል ቀለም ከታየ ወይም ከጭስ ማውጫው ያልተቋረጠ ነጭ ጭስ ከወጣ ተሽከርካሪውን አያንቀሳቅሱ። ሞተር ጋለ በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም አይመከርም፤ በብርዳማው ደጋ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ እንዲሠራና ነዳጅ እንዲያባክን ያደርገዋል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት ያለበትን ሁኔታ ያሳያል። በቀሩት ቀናት ኃላፊነቱ የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው። ወደ ሸለቆው ከመውረድዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ክዳኑን፣ ፈሳሹንና ቺንጋውን ለማየት 10 ደቂቃ ይመድቡ።