የጠፋና የተወሰደ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ፑንጃባዊው ድምፃዊ ዲልጂት ዶሳንጅ በኒውዮርኩ የሜት ጋላ ምሽት እንደ ጥንት መሃራጃ ጠምጥሞና አንገቱን በሐብል አስጊጦ ሲታይ ብዙዎች በጌጡ ውበት ተደነቁ። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና ዐሳቤ ወደ ዋናው ሐብል ሄደ።

ዋናውን የፓቲያላው መሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ በፓሪሱ የካርቲዬ ቤት አሠርተውት በ1928 ተጠናቀቀ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። 2,930 አልማዞች ነበሩት፤ በመካከሉም ከ234 ካራት በላይ የሚመዝነው «ደ ቢርስ» የተባለው ቢጫ አልማዝ ተንጠልጥሎበት ነበር። ሕንድ ነፃ ወጥታ የመሳፍንቱ ግዛቶች ወደ አንድነቱ በተጠቃለሉበት ወቅት፣ በ1948 ገደማ፣ ሐብሉ ከግምጃ ቤቱ ተሰወረ። ትልቁ አልማዝ በ1982 በጄኔቭ ጨረታ ብቅ አለ፤ ከሐብሉ የተረፈው ደግሞ በ1998 ለንደን ውስጥ ተገኘ። ካርቲዬ መልሶ ገዛውና በጎደሉት የከበሩ ድንጋዮች ፋንታ ሰው ሠራሽ አስገብቶ ጠገነው። ድምፃዊው ያጠለቀው ይህን እንኳ አልነበረም፤ የሕንድ ጌጥ ሠሪዎች የፓቲያላውን ሐብል መነሻ አድርገው በአዲስ መልክ ያበጁትን ነው።

«አምሳያ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ብዙ ይፈይዳል። ዋናው ተበታትኖ በቀረበት ስፍራ፣ አዲሱ ጌጥ የጠፋውን ባይተካም እንዳይረሳ ያደርጋል፤ የአንጥረኛውንም ጥበብ ለትውልድ ያሻግራል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ነገሩ ይለያል። በ1868 ከቦምቤይ ተነሥቶ መቅደላ የዘለቀው የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ቅርስ መካከል አንድ የወርቅ ዘውድ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ በ2018 የመቅደላ ቅርሶችን ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጠን እንደሚችል አስታውቋል። የገዛ ንብረቱን በውሰት የሚቀበል ባለቤት እንዴት ያለ ባለቤት ነው?

የፓቲያላው ሐብል ጠፍቶ ነበር፤ ማን እንዳወጣውም በእርግጥ አይታወቅም። የእኛ ዘውድ አልጠፋም። የወሰደው ይታወቃል፤ ያለበትም ሕንጻ ይታወቃል። ስለዚህ አንጥረኞቻችን ነገ የመቅደላውን ዘውድ አምሳያ ቢሠሩ ከሚደሰቱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን አምሳያው ለጥያቄያችን ማስታወሻ ይሁን እንጂ የዕዳው መዝጊያ አይሁን።