ብዕርና ሸሚዝ

በትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ኪስ ሥር የምትታየውን ሰማያዊ ነጠብጣብ ያውቃታል። ሸሚዙ አንድ ብቻ ለሆነ ተማሪማ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዟት ይዞራል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ፣ እኛ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ስለዚህች ነጠብጣብ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ከምናስበው ይልቅ የቆየ ነው። ከ953 እስከ 975 በሰሜን አፍሪካ፣ በኋላም በግብፅ የገዛው ከሊፋ አል ሙዒዝ፣ እጅንና ልብስን የማያቆሽሽ፣ ቀለሙን በሆዱ የያዘ ብዕር እንዲሠራለት ማዘዙን የዘመኑ ዳኛ አል ቃዲ አል ኑዕማን ጽፎልናል። ተሠርቶ የቀረበውም ብዕር ቢገለብጡት እንኳ አያፈስም ነበር ይላል።

የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ግን ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም። መቃ ቀርጸው፣ ከጥላሸት የተዘጋጀውን ቀለም በቀንድ ሞልተው፣ ቀንዱን መሬት ላይ ተክለው ይጽፉ ነበር። ብዕሩ ቀለም ስለማይሸከም በኪስ ውስጥ የሚያፈሰው ነገር አልነበረውም።

ቀለም የሚሞላው ብዕር ለገበያ የበቃው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት አገኘ፤ የሥራው ብልሃትም ቀለም በቀጫጭን ስንጥቆች ሲወርድ አየር በአንጻሩ እንዲገባ ማድረጉ ነበር። የኢንሹራንስ ውል ላይ ቀለም ስለ ፈሰሰበት ተናድዶ ፈጠረው የሚባለው ተረት እንጂ ማስረጃ ያለው ታሪክ አይደለም። ለእኛ ለተማሪዎች ይልቅ የጆርጅ ፓርከር ታሪክ ደስ ይለናል። ይህ ሰው በአሜሪካ በዊስኮንሲን የቴሌግራፍ አስተማሪ ሳለ ለተማሪዎቹ ብዕር ይሸጥላቸው ነበር። ብዕሮቹ ሲያፈሱባቸው መልሰው ለእርሱ ያመጡለት ጀመር። እርሱም ሲጠግን ሲጠግን የራሱን ብዕር ወደ መሥራት ደረሰ፤ በ1888 ኩባንያ አቋቋመ። በ1894ም ብዕሩ ኪስ ውስጥ ቆሞ ሳለ በምላሱ ሥር የቀረው ቀለም ወደ ውስጥ እንዲመለስ የሚያደርግ ጠመዝማዛ መውረጃ አወጣ።

ታዲያ ብዕር ለምን ያፈሳል? ጥፋቱ የአየሩ ነው። ቀለሙ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዛል፤ አየሩም በደረት ሙቀት ሲሞቅ ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል። ከፍታም እንዲሁ ያደርጋል። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በባቡር ተነሥቶ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ፣ በብዕሩ ውስጥ የተዘጋው አየር በሲሦ ያህል ሊሰፋ ይፈልጋል። ስለዚህም ሙሉ ብዕር ከጎደለው ብዕር ይልቅ ለሸሚዝ ይሻላል፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው የሚያስበው ግን ተቃራኒውን ነው።

እናቶችን የሚያደክመው ደግሞ የቀለሙ ጠባይ ነው። የድሮው የመዝገብ ቀለም የሚዘጋጀው ከብረት ጨውና ቆዳ ፋቂዎች ከሚያውቁት ታኒን ነበር። ሲጻፍ ገርጥቶ ይታያል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁርና ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ውልና መዝገብ ለመቶ ዓመታት እንዲነበብ ያደረገው ይኸው ኃይል፣ በጥጥ ልብስ ላይ ሲያርፍ ያው ነው። በረኪና ቢጨመርበት ሰማያዊው ይጠፋል፤ ብረቱ ግን እንደ ዝገት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሎሚ የሚረዳውም ኮምጣጣነቱ ብረቱን ስለሚያሟሟው ነው። ለትምህርት ቤት በውኃ የሚለቅ ቀለም በኋላ ተፈጠረ፤ ለሸሚዙ ታዘነለት፣ ደብተሩ ግን ዝናብ ሲነካው ይታጠብ ጀመር።

በ1938 የሀንጋሪው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ፣ በትንሽ ኳስ የሚጽፍና ወፍራም ቀለም ያለው ብዕር የፈጠራ መብት አወጣ፤ እኛ እስክሪፕቶ የምንለው ነው። በ1950 ርካሹ ቢክ በፈረንሣይ ወጣ። የፈረንሣይ ትምህርት ቤቶች ግን የእጅ ጽሕፈት ያበላሻል ብለው ሲከራከሩ ቆይተው በ1965 ፈቀዱት። እርሱም ቢሆን በፀሐይ ሲሞቅ ኪስ ያበላሻል፤ ቀለሙ ቅባታም ስለሆነ ውኃ አይበግረውም፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ ቀስ እያሉ መጥረግ ነው።