ሰቆጣ በኮምፒውተር ላይ፦ ማሽኑን የሚጠይቅ ጽሑፍና የማይጠይቅ

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆን ነበር። አንድ ባይት የሚለየው 256 ምልክት ብቻ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በላቲን ቦታዎች ላይ በራሱ መንገድ ይደለድለው ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ጽሑፉም የለም።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቋሚ ቁጥሮችን ሰጠ። «ሰ» 1230፣ «ቆ» 1246፣ «ጣ» 1323 ሆኑ። ሌላ ችግር ግን ቀረ። እነዚህ ቁጥሮች በሁለት ባይት ሲቀመጡ የኢንቴል ማሽን «ሰ»ን 30 ከዚያ 12 ብሎ ያስቀምጣል፤ የዚያ ዘመን ማኪንቶሽ ደግሞ 12 ከዚያ 30። ፕሮግራሙ ፋይሉ ከየትኛው ዓይነት ማሽን እንደመጣ ካልለየ «ሰ» 3012 ይሆናል፤ ይህ የጃፓን ፖስታ ምልክት ቁጥር ነው። «ቆ» የቻይና ፊደል፣ «ጣ» ከክብ የተቆረጠ ቅርጽ ይሆናሉ። ሰቆጣ ከካርታው ትጠፋለች።

አንዱ መፍትሔ መጠየቅ ነው፦ ሲስተሙ ዊንዶውስ ነው ወይስ ማክ? ፕሮሰሰሩስ የማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄውን ከሥሩ ማስቀረት ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 የባይቶቹን ተራ አንዴ ወስኖ ይጽፋል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ማሽኑ ማንም ይሁን ማን ሰቆጣ ሰቆጣ ናት። ዛሬ በቴሌግራም የሚላክ አማርኛ ሳይዛባ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት አሠራር ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አይነበብም፤ ምስል ይፈልጋል። ዊንዶውስ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 አካባቢ ነው። ኽምጣኛ ለሚነገርባት ዋግ ኽምራ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። በአገው ቋንቋዎች የአፍንጫ ድምፅን የሚወክለው «ጘ» በ1999 ቁጥር ቢያገኝም፣ ዲቃላው «ⶓ» የገባው በ2005 ነው። ፎንቱ በሌለው ስልክ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ ተማሪው የሚያየውም ሳጥኑን ነው።

ስለዚህ በአሮጌ ፎንት የቀረ የመሥሪያ ቤት ሰነድና የመማሪያ ጽሑፍ ካለ፣ የሚያነበው ማሽን ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት። ለኽምጣኛ የሚዘጋጅ ሶፍትዌርም «ጘ»ን ከነዲቃላዎቹ በርካሽ ስልክ ላይ ሳይሞከር «አልቋል» ሊባል አይገባም።