የወረሱት እርግማን

እ.ኤ.አ. በ1984 ለእይታ የበቃው የሂንዲ ፊልም «ፑራና ማንዲር»፣ ማለትም «አሮጌው ቤተ መቅደስ»፣ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በርካሽ ማስፈራሪያነቱ ነው። እኔ ግን በዋናነት ስለ ውርስ የሚናገር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳምሪ የተባለው ጨካኝ ፍጡር በንጉሥ ትእዛዝ አንገቱ ይቀላል፤ አካሉ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ይቀበራል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ በንጉሡ ቤት በሣጥን ይቆለፋል። ከመሞቱ በፊት ግን የንጉሡ ዘር ሴቶች ሁሉ በወሊድ እንዲሞቱ ይረግማል። እንግዲህ በቀሉ የሚያርፈው በፈረደው ንጉሥ ላይ ሳይሆን ገና ባልተወለዱት ላይ ነው። እውነተኛው ፍርሃት ከሳምሪ ፊት ይልቅ እዚህ ውስጥ አለ፤ ቤቱና ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ዕዳውም አብሮ ይወርዳል፣ በነፍሳቸው የሚከፍሉት ግን ሴቶቹ ናቸው።

ከምዕራባውያን ፊልሞች የተቀዳ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ጭጋጉና የተዘጋው አሮጌ ግንብ በርግጥ የብሪታኒያውን ሀመር ኩባንያ ፊልሞች ያስታውሳሉ። ሆኖም እዚህ ክፉው የሚፈራው መስቀልን ሳይሆን የሂንዱውን አምላክ የሺቫን ባለ ሦስት ጫፍ ጦር ነው፤ የሚያሳድደውም አንድን መንገደኛ ሳይሆን ሙሉ የዘር ሐረግን ነው። ይህን ታሪክ የሠሩት የራምሴ ወንድማማቾችም ራሳቸው በቤተሰብ ሙያ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አባታቸው ኤፍ. ዩ. ራምሴ በካራቺ የሬዲዮ ሱቅ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድ ስትከፈል ወደ ቦምቤይ ሄዱ። ሰባቱ ወንድማማቾች ሥራውን ተከፋፈሉት፤ ቱልሲና ሺያም ያዘጋጁ ነበር፣ ጋንጉ ካሜራውን፣ ኪራን ድምፁን ይይዝ ነበር።