መርከቧን አይተን ባሕሩን ሳናይ

እኛ ለአቅመ ምጽዋ የደረስን ትውልድ አይደለንም። ጂኦግራፊ መማር ስንጀምር ካርታው ከባሕር ተላቅቋል፤ “ወደብ” የሚለውን ቃል የለመድነው ከዜና ነው። እንዲያም ሆኖ የባሕር ኃይል ወሬ ያልሰማ ከመሃላችን የለም። በየሰፈሩ አንድ ጋሼ አይጠፉም። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ከኋላቸው ግራጫ መርከብ የሚታይበት ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ወሬው ከተነሣ ስለ መድፉ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጃንሆይ ጉብኝት ሲያጫውቷችሁ ያመሻሉ። ከመርከቧ ሥር ምን እንደነበረ ብትጠይቋቸው ግን “ምን ይኖራል? ባሕር ነዋ!” ነው መልሱ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይቺ “ባሕር ነዋ” ናት። ጋሼን ለመውቀስ አይደለም፤ አገሪቱ ራሷ ብትጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ የምትሰጥ አይመስለንም። (ነገሩ እንዳያምታታ፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በመስከረም 1952 ነው። ባሕር ኃይሉ በ1955 ተመሠረተ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ የመኮንኖች ኮሌጁ ደግሞ በ1956 አስመራ ላይ ተከፈተ። አዎ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው አስመራ! መርከበኛን ደጋ ላይ ማሠልጠን የእኛ ነገር ነው። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከኢትዮጵያውያኑ በኩል ስሙ ከባሕር ኃይሉ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የንጉሡ የልጅ ልጅ፣ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ነው።

ከዚያ በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን መከበር ጀመረ። ጊዜው አብዛኛውን ጥር ገደማ ነበር፤ ምክንያቱን ምጽዋን በሰኔ ያየ ያውቀዋል። የከተማዋ የዓመት አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በክረምት ወራት እንኳን ሰልፍ መቆም፣ መቀመጥም ይከብዳል።

እንግዲህ በ1960ዎቹ አስመራ ነን እንበል። ማልደን ተነሥተን ሊቶሪና ውስጥ ገባን። ሊቶሪና ማለት ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ያመጧት፣ አውቶቡስና ባቡር ተጋብተው የወለዷት የምትመስል ባለሞተር ፉርጎ ናት። ሐዲዱ አስመራ የደረሰው በ1911 ሲሆን እስከ ምጽዋ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ነፋሲት ላይ ጭጋግ፣ ጊንዳዕ ላይ ጃኬት ማውለቅ፣ ከዚያ ራስ አሉላ በጥር 1887 የኢጣሊያን ጦር የመቱባት ዶጋሊ፣ ከዚያ ጨው ጨው የሚል ነፋስ። ባቡሩ በባሕር ላይ በተሠራው መንገድ አቋርጦ ጠዋለት ወደሚባለው ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ አሮጌዋ ምጽዋ ይገባል።

ወደቡ ላይ የማይታመን ሰልፍ ይጠብቀናል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ! ቀዝቃዛው ጦርነት ዓለምን ለሁለት በከፈለበት ዘመን የሁለቱም ወገን መርከበኞች ምጽዋ ላይ የጃንሆይ እንግዶች ነበሩ። ዲፕሎማሲ ከተባለ ይህ ነው።

ከሁሉም በላይ ዐይን የሚስበው ግን የራሳችን ነው፤ ዋናዋ መርከብ “ኢትዮጵያ”። ርዝመቷ 95 ሜትር ነው። ሲያዩዋት የተዋጊ መርከብ ግርማ ቢኖራትም የተሠራችበት ዓላማ ሌላ ነበር፦ ውኃ ላይ ለሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጥር 1944 ሥራ ጀመረች፤ በፓሲፊክ ጦርነትም ተሰማርታለች። በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ተሰጠች ስንል በውሰት ነው፤ የተሸጠችልን በ1976 ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ያህል የክብራችን ዋና መርከብ የትውስት ዕቃ ነበረች ማለት ነው። ይህን ጋሼ አይነግሩንም።

የቀድሞ ስሟ ደግሞ “ኦርካ” ነበር። ስሙን ያገኘችው አላስካ ውስጥ ካለ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ቃሉ ግን ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለውን፣ ዓሣ ነባሪ እንኳ የሚያድነውን ግዙፍ የባሕር አውሬ ይጠራል። ስሟ ሲቀየር የባሕር እንስሳው ሄደና ባንዲራው ቀረ። እኛ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ብንፈልግም አናገኝም ነበር፤ ግን ገና አልጨረስንም።

ምክንያቱም ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ መርከቦቹ አዙሮ ሲያጨበጭብ፣ ከመርከቦቹ ሥር ዓለም የሚቀናበት ነገር ነበር። ቀይ ባሕር ቋሚ ወንዝ አይገባበትም። በትነት ብቻ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውኃ ያጣል፤ ስለዚህም ጨዋማ ነው። የጎደለውን የሚተካው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው ውኃ ነው። ይህ ውኃ ለደቃቅ ፍጥረታት የሚሆን ምግብ ይዞ ስለሚመጣ ደቡባዊው ቀይ ባሕር፣ በተለይ የምጽዋና የዳህላክ አካባቢ፣ እንደ ሰሜኑ ጥርት ያለ አይደለም፤ ሕይወት ግን ሞልቶታል። በቀይ ባሕር ከሚታወቁት ከሺህ በላይ የዓሣ ዝርያዎች ከአሥር አንዱ ያህል ሌላ የትም የለም። ከመቶ በላይ በሆኑት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የባሕር ኤሊዎች፣ ክንፋቸው እንደ ጋቢ የተዘረጋ ማንታ የሚባሉ ዓሦች፣ ሣር እየጋጠች የምትኖረው “የባሕር ላም” ዱጎንግ ይገኛሉ። ለዘመናት ዕንቁ የሚጠለቅበትም ባሕር ነው። ከምጽዋ ፊት ለፊት፣ በጀልባ ትንሽ ሄድ ብሎ፣ ኮራልና ማንግሮቭ የከበባት ትንሽዬ የሼክ ሰዒድ ደሴት አለች።

ይህን ለማየት የመጡት ሌሎች ናቸው። ጀርመናዊው ሄምፕሪኽ የባሕሩንና የጠረፉን እንስሳት ሲሰበስብ በሰኔ 1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ዛሬም በቀይ ባሕር ጠረፍ የሚበር አንድ ጠቆር ያለ የባሕር ወፍ ሳይንሳዊ ስሙ በእሱ ተሰይሟል። የአገሩ ልጅ ሩፔልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው መጥቶ ዓሦቹን መዘገበ፤ ጎንደርም ድረስ ዘልቋል። በ1952 እና 1953 ጣሊያኖች ዳህላክ ላይ ጠልቀው “ስድስተኛው አህጉር” የተባለውን የባሕር ውስጥ ፊልም ሠሩ። በ1962፣ ማለትም “ኢትዮጵያ” ለእኛ በተሰጠችበት ዓመት፣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክን ሊያጠኑ መጡ፤ በ1965 ተመለሱበት። አያችሁ? በዚያው ዓመት፣ በዚያው ውኃ፣ እኛ መርከብ እንቀበላለን፣ እነሱ ዓሣ ይቆጥራሉ።

ባሕሩን በደንብ የሚያውቁትስ? ዓፋሮቹ፣ ትግረዎቹ፣ የዳህላክ ሰዎች ናቸው። በ1954 የዚያ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪዎች 25,000 ቶን ገደማ ዓሣ አውጥተዋል። አብዛኛው እንደ ሰርዲን ያለ ትናንሽ ዓሣ ሲሆን ደርቆና ተፈጭቶ ለከብት መኖ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። የደጋው ሰው ዓሣ ቢጾምም ባይጾምም ምጽዋ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቁልቁለት ነው። በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ ጦርነቱም ጠረፉን ዘጋው። በየዓመቱ ጥር ላይ የጦር መርከብ በሚያሳየው ወደብ ጓሮ አንድ ሙሉ ኑሮ ሲሞት በዓሉ ላይ ማንም የኅሊና ጸሎት አላደረገለትም።

ጦርነቱን አንሥተን እንለፍ ብንል ውሸት ይሆናል። የትጥቅ ትግሉ በ1961 ተጀመረ፣ ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1962 ፈረሰ፣ በታኅሣሥ 1970 በኤርትራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለአዲስ አበባው እንግዳ ሽርሽር የሆነው ቀን ለብዙ የምጽዋና የአስመራ ሰው ሽርሽር አልነበረም። ጋሼ የሚያነሡት ሰልፍ ከዚህ ተለይቶ መወራት የለበትም እንላለን።

ከዚያማ ሁሉም በፍጥነት ሆነ። ልዑል እስክንድር በኅዳር 1974 ደርግ በአንድ ሌሊት ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆነ። ሶቪየቶች እንግድነታቸውን ትተው ዳህላክ ላይ፣ ኖክራ ደሴት፣ የጦር ሰፈር ከፈቱ። ኖክራ በጣሊያን ጊዜ እስር ቤት ነበረች፤ አንዳንድ ደሴት ዕድል የለውም። ምጽዋ በየካቲት 1990 በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ ቀጥሎም ከአየር ተደበደበች። ጠዋለት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በጦርነቱ ፈራረሰ። “ኢትዮጵያ” በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩት ጀልባዎች በ1996 ጅቡቲ ላይ ሐራጅ ወጡ። የባሕር ኃይሉም ነገር አበቃ።

አሁን ደግሞ ወሬው ተመልሷል። በ2018 ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ ላይ ስለ ባሕር የማይጨቃጨቅ የለም። ክርክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡት፦ ወደብ፣ ኮንቴይነር፣ ኪራይ፣ መርከብ፣ ክብር። አንድ ዓሣ ብታገኙ ንገሩን። ባሕር ወለል ብሎ የተነጠፈ አስፋልት ነው የመሰለን። ባሕሩ ዳር የሚኖር ሰውም በክርክሩ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡሩ በ2016 ተመርቋል። ከጓደኞቻችን የሄዱት ሲመለሱ የሚያሳዩን ፎቶ የወደቡ ክሬንና በሩቅ የሚታይ የጦር መርከብ ነው፤ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ቻይና ሁሉም እዚያ ሰፈር አላቸውና መርከብ አይጠፋም። ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ አርታ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባሉት፣ ከዓለም ዓሦች ሁሉ በግዝፈት አንደኛ የሆኑት፣ ደቃቅ ፍጥረታት ፍለጋ እስከ ጠረፉ ድረስ ይጠጋሉ። ሰው አይነኩም። ወደዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ ወንዶች ናቸው፤ አራት ሜትር ገደማ ይሆናሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ቀስ እያሉ ይዋኛሉ።