ዝሆን በሂንዱዎች እምነትና ኪነ ጥበብ

በሕንድ አገር ዝሆን ይመለካል፤ በሰንሰለትም ይታሰራል። ምስሉ ከ4,000 ዓመት በፊት የኢንዱስ ሸለቆ ከተሜዎች በቀረጿቸው ማኅተሞች ላይ ይገኛል። በኋላም የዝናብና የነጎድጓድ አምላክ የሆነው ኢንድራ፣ ኤራቫታ የተባለውን ነጭ ዝሆን እንደሚጋልብ ተተረከ። ዓይኑን ወደ ሰማይ አንስቶ ክረምትን ለሚጠባበቅ ገበሬ፣ ዝናብ ያዘለው ደመና የዝሆን መንጋ ቢመስለው አያስደንቅም።

በሕዝቡ ልብ የሰረጸው ግን ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ ነው። ፓርቫቲ ከገላዋ እድፍ ልጅ ሠርታ ነፍስ ዘራችበት፤ ስትታጠብም በር አስጠበቀችው። ባሏ ሺቫ አትገባም ቢባል ተቆጥቶ የልጁን ራስ ቀላው። ኀዘኗ ሲበረታበት ግን የዝሆን ራስ ተክቶ ሕይወቱን መለሰለት፤ ከአማልክት ሁሉ አስቀድሞ ስሙ እንዲጠራም ፈቀደ። ስለዚህ ሂንዱው ሱቅ ሲከፍትም ሆነ መንገድ ሲጀምር መሰናክል አስወጋጁን ጋኔሻን ያስቀድማል።

ይህን ጸሐፊ ይበልጥ የሚማርከው የጋኔሻ ጸሐፊነት ነው። ጠቢቡ ቭያሳ ማሃባራታን ሲያስጽፈው ሁለቱ ውል ገቡ፤ ተናጋሪው ላያቋርጥ፣ ጸሐፊውም ያልገባውን ላይጽፍ። ቭያሳ ፋታ ሲያሻው ከበድ ያለ ስንኝ ይወረውርለት ነበር ይባላል። መጻፊያው ቢሰበርም ጋኔሻ የገዛ ጥርሱን ሰብሮ ቀጠለ። (የእኛ ሙያ ሰዎች የውሉን ሁለተኛ አንቀጽ ብናስብበት ደግ ነበር።)

የድንጋይ ጠራቢዎችም ዝሆንን ሸክም አልነፈጉትም። በ8ኛው መቶ ዓመት በኤሎራ ከአንድ አለት የተፈለፈለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ፣ በረድፍ በቆሙ ዝሆኖች ጀርባ ላይ ያረፈ ይመስላል።

ጋኔሻ ለትግልም ተጠርቷል። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዜጠኛውና ታጋዩ ባል ጋንጋድሃር ቲላክ፣ በየቤቱ ይከበር የነበረው በዓል በፑና ከተማ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ቀሰቀሰ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች የፖለቲካ ስብሰባን በጥርጣሬ በሚያዩበት በዚያ ዘመን፣ በአምላክ ስም የተሰበሰበው ሕዝብ መዝሙርና የነጻነት ንግግር ይሰማ ጀመር። በበዓሉ ፍጻሜ ከሸክላ የተሠራው ምስል ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል።

ሕያው ዝሆን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰናበትም። በደቡባዊው የኬራላ ግዛት፣ የጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ኬሳቫን የተባለ ዝሆን ነበረው። የኒላምቡር ባላባት ቤት በ1922 እ.ኤ.አ. በስለት የሰጠው ሲሆን፣ የአምላኩን ምስል ተሸክሞ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አገለገለ። በታኅሣሥ 1976 እ.ኤ.አ. በታላቁ የጾም በዓል ዕለት ሲሞት፣ ኩምቢውን ወደ ቤተ መቅደሱ አንስቶ ነበር ይላሉ ምእመናኑ። ሐውልትም ቆመለት። እንዲህ ያለ ክብር ያላገኙት ብዙዎቹ ግን እግራቸው ታስሮ፣ በከበሮና በርችት ጩኸት መካከል ሰዓታት ይቆማሉ፤ አንዳንዴም ተቆጥተው ጠባቂያቸውን ይገድላሉ።

በ2023 እ.ኤ.አ. በዚያው በኬራላ፣ ትሪሹር አካባቢ የሚገኝ አንድ ቤተ መቅደስ ለሥርዓቱ የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ዝሆን ተቀበለ። ጆሮውንና ኩምቢውን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። ካህናቱም እንደ ልማዳቸው የአምላኩን ምስል በጀርባው ላይ አወጡ።