ሆም ላብ

ሆም ላብ ማለት አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ የሚያቆመው አነስተኛ የሰርቨርና የኔትዎርክ ቤተ ሙከራ ነው። ተማሪዎች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎችና ዝንባሌው ያላቸው ሰዎች በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የሚሠራውን ሥራ በትንሽ መጠን እየሠሩ ይማሩበታል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ራውተር ብቻ ያለው ሆም ላብ አለ፤ በመደርደሪያ የተሰካኩ በርካታ ሰርቨሮች ያሉትም አለ። በመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ለመሞከር የማይደፈር ነገር እዚህ ይሞከራል፣ ይበላሻል፣ ይጠገናል። ስለዚህ ከሆም ላብ የሚገኘው ዋናው ትምህርት ብልሽትን በሥርዓት መፈለግና የተበላሸውን ወደነበረበት መመለስ ነው።

አመጣጥ

ሆም ላብን ለብዙ ሰው ያዳረሱት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሙሉ ሰርቨር ለማቆም አስችሏል። ሁለተኛው አንድ ኮምፒውተር በውስጡ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን እንዲያሠራ የሚያደርገው ቴክኖሎጂ ነው። ለዚህ ሥራ በሆም ላቦች በስፋት የሚታወቀው ፕሮክስሞክስ የተባለው ሶፍትዌር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሦስተኛው የመሣሪያ ዋጋ መርከስ ነው። ድርጅቶች የሚያስወግዷቸው ኮምፒውተሮች በቅናሽ ይሸጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስቤሪ ፓይ ደግሞ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ርካሽ ኮምፒውተር ነው።

ዋና ዋና ክፍሎች

* ራውተር፦ የቤቱን ኔትዎርክ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኛል።
* ስዊች፦ በቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን በኬብል እርስ በርስ ያገናኛል።
* ሰርቨር፦ ፋይል ማስቀመጥን፣ ድረ ገጽን፣ ዳታቤዝንና የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ይሰጣል።
* የመረጃ ማከማቻ፦ አንድ ወይም ብዙ ዲስኮች የያዘ መሣሪያ ነው።
* ዩፒኤስ፦ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃዎች ከባትሪ ኃይል ይሰጣል።

ኤሌክትሪክና ሙቀት

ሰርቨር ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ የሚወስደው ኃይል አስቀድሞ መሰላት አለበት። 50 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 200 ዋት የሚወስድ አሮጌ ሰርቨር ግን በ30 ቀን 144 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በርካሽ የተገዛ አሮጌ ሰርቨር በቆጣሪ በኩል ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ በአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ መነበብ አለበት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። በአንዳንድ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አለ፤ ማብሪያው 115 ላይ እያለ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ የኃይል ሳጥኑ ይቃጠላል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዋናው አደጋ በመጻፍ ላይ ያለ መረጃ መበላሸቱ ነው። ዩፒኤስ ጥቅም የሚሰጠው ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ ከታዘዘ ነው። ለዚህም ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ኬብል ተገናኝቶ የመዝጊያው ትዕዛዝ መሞከር አለበት። መብራት ሲመለስ ደግሞ ቅደም ተከተል አለ፦ በመጀመሪያ ራውተርና ስዊች፣ ቀጥሎ የመረጃ ማከማቻው፣ በመጨረሻ በማከማቻው ላይ የሚመኩት አገልግሎቶች ይነሣሉ።

ሙቀትም ብልሽት ያመጣል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ ሙቀትን የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠና አቧራ የሞላው ሰርቨር በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከባሰም ይጠፋል።

አድራሻ አሰጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ መሠረት ለግል ኔትዎርክ የተተዉ የአይፒ አድራሻዎች በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት ወይም በ192.168 የሚጀምሩ ናቸው። የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተርና የባለቤቱ ራውተር ሁለቱም 192.168.1 የሚለውን ክፍል ከተጠቀሙ መንገዱ ይምታታል። ራውተሩ ከውጭ የተቀበለው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አቅራቢው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በራውተሩ ላይ በር በመክፈት ብቻ ከውጭ ወደ ቤት መግባት አይቻልም።

ብልሽት መፈለግ

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሞዴል የኔትዎርክን ሥራ በ7 እርከኖች ይከፍላል። የላይኛው እርከን በታችኛው ላይ ስለሚቆም፣ ፍለጋው ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ይቀላል።

1. ኃይልና ኬብል፦ የመሣሪያው መብራት በርቷል? የተለመደው የኔትዎርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሠራል። በውስጡ 4 ጥንድ ሽቦዎች አሉ፤ ለ1 ጊጋቢት ፍጥነት አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ፍጥነቱ በድንገት ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተቆረጠ ሽቦ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ጫፍ ነው።

2. ስዊች፦ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፎቹ በአንድ ስዊች ላይ ቢሰኩ መልእክቶች ያለ ማቋረጥ ይዞራሉ፤ ኔትዎርኩም ይታፈናል። ምልክቱ ሁሉም መብራቶች በአንድነት በፍጥነት መብለጭለጫቸው ነው። ይህን የሚከላከለውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ የፈጠረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ርካሽ ስዊቾች ግን ብዙ ጊዜ ይህ ዘዴ የላቸውም።

3. አድራሻ፦ ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ፣ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የተባለ አገልግሎት አላገኘም ማለት ነው። አንዳንዴ በኔትዎርኩ ላይ ሁለት አዳዮች ይገኙና የተሳሳተ አድራሻ ይሰጣሉ፤ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ራውተር ሲጨመር ነው።

4. መንገድ፦ ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ፒንግ የተባለው ትዕዛዝ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። መጀመሪያ ወደ ቤቱ ራውተር፣ ቀጥሎ እንደ 8.8.8.8 ወዳለ የውጭ አድራሻ ይላካል። የቤቱ ራውተር መልሶ ውጭው ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

5. ስም፦ በቁጥር የሚደረስበት በስም ካልተደረሰበት፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ አልሠራም። በሆም ላብ የተለመደው መንስኤ የዲኤንኤስ አገልግሎቱ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ብቻ መኖሩ ነው፤ ሰርቨሩ ለጥገና ሲዘጋ ቤተሰቡ በሙሉ ኢንተርኔት የጠፋ ይመስለዋል።

6. አገልግሎት፦ መንገዱና ስሙ ከሠሩ ፕሮግራሙ ራሱ ይመረመራል። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ፣ ፋየርዎል ከልክሎ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙም በሎግ መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈ ይታያል።

በፍለጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት። ሦስት ነገር ባንድነት ተቀይሮ ቢሠራ መንስኤው የትኛው እንደነበር አይታወቅም፤ ብልሽቱ ሲመለስም ፍለጋው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የሰዓት ችግር

ብዙ ሰርቨሮች መዝገባቸውን የሚጽፉት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ የሚጀምረው ከንጋት ነው። በመዝገቡ 06:00 ተብሎ የተጻፈው በአዲስ አበባ 09:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋበት ሰዓት ጋር መዝገቡን የሚያመሳክር ሰው ይህን ካላሰበ የተሳሳተውን መስመር ያነባል። በተጨማሪ የአሮጌ ኮምፒውተር የሰዓት ባትሪ ካለቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬቶች ጊዜያቸው ያልደረሰ ይመስላሉ፤ ግንኙነቱም ይከለከላል።

መጠባበቂያ ቅጂ

ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ሲሞት ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርገው ዘዴ ሬይድ ይባላል፤ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ይታወቃል። ሬይድ ግን መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች በአንድነት ይጠፋል፤ ስርቆትና ቃጠሎም ሳጥኑን በሙሉ ይወስዳሉ። የተለመደው ደንብ 3-2-1 ነው፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ያልተመለሰ ቅጂ እንዳልተሞከረ ስለሚቆጠር፣ በየጊዜው ጥቂት ፋይሎችን ከቅጂው አውጥቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ጥበቃና መለያየት

ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃል ወዲያው ይቀየራል፤ የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ በቀጥታ ለኢንተርኔት አይከፈትም። ከውጭ ለመግባት እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን ይመረጣል።

የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ፣ የልጆች ትምህርትና ከቤት የሚሠራ ሥራ በዚሁ ኔትዎርክ ላይ ሲመኩ፣ ለሙከራ የተተወው ክፍል ከእነሱ መለየት አለበት። የቤቱ ኢንተርኔት በራሱ ራውተር፣ ሙከራው በሌላ ራውተር ወይም በተለየ የስዊች ክፍል ይሆናል። አድራሻዎች፣ የኬብሎች መድረሻና የተደረጉ ለውጦች በወረቀት ላይም መመዝገብ አለባቸው፤ በሰርቨሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ሰርቨሩ ሲወድቅ አይነበብም።